እሺ ሳትዪኝ አልነሳም

(ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት በኋላ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፤ በሽምግልና የታወቁት ጋሽ ይርዳው ሱሪያቸው በር ላይ ተቀዶባቸው፣ በጋቢ ተጠቅልለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብስ ሰፊዋ የዝና ሱሪያቸውን በስፌት መኪናዋ ትጠግናለች።)

ይርዳው፦ እሺ ሳትዪኝ ከዚህ በርጩማ አልነሳም ብያለሁ፣ አልነሳም።

የዝና፦ ቢነሱስ የት ሊሄዱ ነው? ሱሪዎ እኔ ጋ ነው።

ይርዳው፦ እኔ የተቀመጥኩት ሱሪ አጥቼ አይደለም። ወጉ ስለሆነ ነው።

የዝና፦ ወጉንማ አውቀዋለሁ። የተላከ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይነሳም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። በጋቢ ብቻ የተቀመጠ ሽማግሌ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

ይርዳው፦ በርሽ አይደል እንዴ የቀደደኝ? እንደ ሰው ወለል አድርገሽ ብትከፍቺልኝ ምን ነበረበት? በዚያች ስንጥቅ ይግቡ ብለሽ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ድመት አሹለከለክሽኝ።

የዝና፦ አዲስ በር ነው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ገና አልዶለዶመም።

ይርዳው፦ ሦስት መቀርቀሪያስ ምን ይሠራልሻል? ባንክ ቤት አደረግሽው እኮ።

የዝና፦ የድሮው በር አንድ ነበረው። አንዱ አልበቃኝም። እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ፣ ጋቢው ከፔዳሉ ሥር ሊገባ ነው።

ይርዳው፦ ይኸው ሰበሰብኩ። ምናለ ቶሎ ቶሎ ብትዪ? አሁን ሰው ቢገባ ይርዳው ሊያስታርቅ ሄዶ ሱሪውን አስወልቀው ሰደዱት ሊባል ነው።

የዝና፦ አይስጉ፣ ማንም አይገባም። እኔ ቤት ሰው እንደ ድሮው መግባት ካቆመ ቆየ። ደግሞ ቀዳዳው ቀላል እንዳይመስልዎት፣ ከኪሱ እስከ ጉልበትዎ ድረስ ነው የወረደው።

ይርዳው፦ እንግዲህ እየሰፋሽ ስሚኝ። የተላክሁት ከካሳሁን ቤት ነው። ልጁ ጌጡ፣ በጦርነቱ ሰሞን ጠመንጃ ተሸክሞ ከታጣቂዎቹ ጋር ሰፈር ለሰፈር ሲዞር በነበረ ጊዜ፣ በአንቺ ላይ ጥፋት አጥፍቷል። ይቅርታ ይጠይቅሻል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ቃልሽን አትስጪ፣ ነገሩን በአገር ወግ እንጨርሰው ነው የምልሽ።

የዝና፦ ጥፋት ስንት ዓይነት ነው ጋሽ ይርዳው? የሰው አጥር መግፋትም ጥፋት ነው።

ይርዳው፦ ትልቅ ጥፋት።

የዝና፦ የሰው በሬ መንዳትም ትልቅ ጥፋት ነው።

ይርዳው፦ አባትሽም ነፍሱን ይማረውና እንዲሁ ነበር። አንዲት ቃል ከያዘ እስክትልም ያላምጣታል።

የዝና፦ የሱ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ስሙን ይጥሩልኝ።

ይርዳው፦ የማንን ስም?

የዝና፦ የጥፋቱን።

ይርዳው፦ እሱ እኮ... ያው የጦርነት ነገር ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እብድ ነበር። ጊዜው ነው ያመጣው።

የዝና፦ ቤቴ የገባው ጊዜው አይደለም፣ ጌጡ ነው። የእህቱን የጥምቀት ቀሚስ የሰፋሁለት ጌጡ። መሣሪያ እፈትሻለሁ ብሎ ነው የገባው፤ ከመቀስና ከመርፌ ሌላ ብረት እንደሌለኝ እያወቀ።

ይርዳው፦ ይሁን፣ ያለፈውን እናቆየው። ስለ ወደፊቱ እናውራ። ቤተሰቡ አንድ ሐሳብ ይዟል። እንዳትስቂብኝ ብቻ።

የዝና፦ ይበሉ እስቲ።

ይርዳው፦ ሊያገባሽ ዝግጁ ነው። ምነው መኪናውን አቆምሽው?

የዝና፦ ክር ተበጥሶ ነው። ሰብሮ ገብቶ ለዘረፈኝ ሰው ቁልፉን ስጪውና አብሮሽ ይኑርበት ነው የምትሉኝ?

ይርዳው፦ እኔ አይደለሁም፣ እነሱ ናቸው ያሉት። እኔማ ሲነግሩኝ ትንሽ አፍሬያለሁ።

የዝና፦ ትንሽ?

ይርዳው፦ ደህና አድርጌ አፍሬያለሁ። አሁን ደግሞ ስነግርሽ ባሰብኝ። ይቅር፣ ጋብቻውን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። እርቁ ብቻ ይሁን። ይቅርታውን ተቀበይው፣ በጉም ታርዷል።

የዝና፦ የምን በግ?

ይርዳው፦ የእርቁ ነዋ። ካሳሁን ግቢ ድስቱ ተጥዷል። አብረውኝ የተላኩት ሁለቱ ሽማግሌዎች የአባቷ ወዳጅ አንተ ነህ፣ ብቻህን ግባ ብለውኝ እዚያው ቀርተዋል። ይሄኔ ጥብሱን ጀምረውታል።

የዝና፦ እኔ እሺ ሳልል በግ አረዱ?

ይርዳው፦ ትላለች ብለው ነው። ይርዳው የገባበት ነገር እንቢ ተብሎ አያውቅም ብለው። እውነታቸውን ነው ደግሞ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አውራ ዶሮ ተኳርፈው ስንት ዓመት ሲተላለፉ፣ ማን አስታረቃቸው? ዛሬ ልጆቻቸውን እየተለዋወጡ ክርስትና ያነሳሉ።

የዝና፦ እንግዲህ በጉን ለነፍሱ ያውሉት። ደግሞ ክሱ የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። እኔ ብተወውም መንግሥት አይተወውም ብላኛለች ዐቃቤ ሕጓ።

ይርዳው፦ ተይ እንጂ። አንቺ ካልተናገርሽ መንግሥት ምን ይዞ ይከሳል? ብትናገሪስ? ምስክር የለሽም፣ የሐኪም ወረቀት የለሽም። ጠበቃው ያዋክብሻል፣ ገበናሽ በአደባባይ ይወጣል፣ እሱም በዋስ እንደወጣ ይቀራል። እንዲህ የምልሽ ለአንቺው አስቤ ነው።

የዝና፦ የሐኪም ወረቀት ከየት ይምጣ? ያን ሰሞን ጤና ጣቢያው በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ለዐቃቤ ሕጓ ይህን ነግሬያታለሁ፤ ገብቷታል። ግን በአንቺ ቃል ብቻ ከሆነ ያስፈራኛል፣ ሰው ፈልጊ ብላኛለች። ፈለግሁ። የሰሙ አይጠፉም፤ የሚናገር ነው የጠፋው። ሁሉም ልጅ አለኝ ይላል።

ይርዳው፦ ሰው ፈርቶ ነው፣ አትፍረጂበት።

የዝና፦ አልፈርድም። ሰው ስለ እኔ ብዙ ነገር ፈርቷል። ከዚያ ወዲህ አንዲት የሙሽራ ልብስ እጄ አልገባችም። ገድ የላትም ተብያለሁ። ሱሪ ይመጣልኛል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይመጣልኛል፣ የሙሽራ ግን የለም። ልጅዎን ጥሩዬን ሲድሩ ቀሚሷን የት አሰፉት?

ይርዳው፦ በሴቶች ጉዳይ አልገባም። እናቷ ናት የወሰደችው።

የዝና፦ ወፍጮ ቤቱ ጎን ካለው ሰውዬ ጋ ነው። መስመር አጣሞ ከሚሰፋው።

ይርዳው፦ ውነትሽን ነው፣ ባንድ ወገን ረዝሞባት ነበር። ሠርጉን ሙሉ ጫፉን ይዛ ስትዞር ዋለች። ቪዲዮውም ላይ ይታያል።

የዝና፦ ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ ያለበስኋት እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ልኳን አውቀዋለሁ። ከፋኝ እኮ ጋሽ ይርዳው። ከሌላው ሁሉ እሱ ነው የከፋኝ።

ይርዳው፦ ተሳስተናል። በቃ፣ ተሳስተናል አልኩሽ።

የዝና፦ ታጣቂዎቹ ሊገቡ ነው በተባለ ጊዜ ጥሩዬን ወደ አክስቷ አገር አሸሿት አይደል?

ይርዳው፦ ማን ያላሸሸ አለ?

የዝና፦ ከምን ነበር ያሸሿት?

ይርዳው፦ ከምን ይባላል? ከጥይት ነዋ።

የዝና፦ ወንዶቹ ልጆችዎስ?

ይርዳው፦ እነሱማ እዚሁ ነበሩ።

የዝና፦ ጥይት ወንድ አይመታም?

ይርዳው፦ ከምን እንዳሸሸናት ታውቂያለሽ።

የዝና፦ አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ የጥፋቱን ስም ያውቀው ነበር፣ ለዚህ ነው ሴት ልጆቹን በአይሱዙ ጭኖ የሰደዳቸው። ዛሬ ነው «ያው የጦርነት ነገር» የሆነው። እኔ አባቴ ሞቷል፣ ወንድም የለኝ፣ የሚያሸሸኝ አልነበረም። ከዚሁ ከመኪናዬ ጋር ቀረሁ።

ይርዳው፦ አንቺ ልጅ ዛሬ አንጀቴን በላሽው። እንዲህ እያልሽኝ እንዴት ነው የማግባባሽ?

የዝና፦ አያግባቡኝ። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ነገ ነፃ እንደሚወጣ እያወቀ ጌጡ ሽማግሌ ምን ይሠራለታል?

ይርዳው፦ ሕሊናው ቆርቁሮት ይሆናላ።

የዝና፦ ይሁንለት። እኔ እንኳን በሬን የከፈትኩት ለሱ ሕሊና ብዬ አይደለም። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ አንዱንም መቀርቀሪያ አልነካም ነበር።

ይርዳው፦ አባትሽን አክብረሽ ነዋ።

የዝና፦ እሱም አለበት። ሌላም አለ። እርስዎ ሽምግልና ሲለመኑ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ይርዳው፦ ይህማ የታወቀ ነው። ጥፋቱን ፊቴ ተቀምጦ በገዛ አፉ ካልተናገረ፣ ለማንም ብዬ ከቤቴ አልወጣም። ሌሎቹ ጠላና ቁርጥ ከቀረበላቸው ይበቃቸዋል። እኔ ምን እንደሆነ የማላውቀውን በደል ይቅር በሉ ብዬ የሰው ደጅ አልቆምም። ባለሀብት ይሁን፣ ባለሥልጣን ይሁን፣ መጀመሪያ ቁጭ በልና ተናገር ነው የምለው። ሲያለቅስ ያየሁት ስንት ጎረምሳ አለ መሰለሽ።

የዝና፦ እንግዲያው ተናግሯል።

ይርዳው፦ ማን?

የዝና፦ ጌጡ። ከበሩ ውጭ ድምፅዎን ስሰማ፣ ከጌጡ ነው የተላክሁት ሲሉኝ፣ ለሰው ተናግሯል ማለት ነው አልኩ። ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረ ምስክር በእግሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

ይርዳው፦ ኧረ በሥላሴ። ሱሪዬን ስጪኝ።

የዝና፦ አላለቀም።

ይርዳው፦ እንደተቀደደ ስጪኝ።

የዝና፦ እሺ ሳልልዎት አልነሳም አላሉም?

ይርዳው፦ ቀልዱን ተይው የዝና። ስሚኝ፣ ሽማግሌ የሰማው ነገር ሆዱ ውስጥ ነው የሚቀበረው። ለዳኛ አይወጣም። እኔ ዛሬ ይህን ባፈርሰው ነገ ማን አምኖ ይነግረኛል?

የዝና፦ የአቶ አበጀ አህያስ?

ይርዳው፦ የምን አህያ አመጣሽብኝ ደግሞ?

የዝና፦ እህሌን በላች ብሎ ጎረቤቱ በፍልጥ መትቶ የገደላት። ሰውዬው ለእርስዎ አመነ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ካደ። እርስዎ ወረዳ ድረስ በእግርዎ ሄደው፣ ዳኛው ፊት ቆመው «ለእኔ አምኗል» ብለው መሰከሩ። ለብሰውት የሄዱትን ኮት የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ይርዳው፦ እሱ ይለያል።

የዝና፦ ምኑ ነው የሚለየው?

ይርዳው፦ አህያዋ እኮ ሞታለች።

የዝና፦ እኔ ስላልሞትኩ ነው?

ይርዳው፦ እንዲህማ አልወጣኝም።

የዝና፦ ያን ጊዜ ሰውዬው ስለካደ ነው አይደል የመሰከሩት?

ይርዳው፦ አዎ። ለእኔ አምኖ ለዳኛ ከካደማ ሽምግልናውን ያፈረሰው እሱ ነው። የቆሻሻ መጥረጊያ አደረገኝ ማለት ነው። እኔም አልዋሽለትም።

የዝና፦ ጌጡም ክዷል።

ይርዳው፦ ማነው የካደ?

የዝና፦ ጌጡ። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ዐቃቤ ሕጓ አንብባልኛለች። «በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ አልነበርኩም፣ ልጅቷንም በዓይን እንጂ አላውቃትም» ብሏል። ፈርሞበታል።

ይርዳው፦ አልነበርኩም አለ?

የዝና፦ አልነበርኩም ነው ያለው። ነገም ይህንኑ ሊደግመው ነው።

ይርዳው፦ ትናንት እኔ ፊት ተንበርክኮ ጉልበቴን ስሞ... ይህ ልጅ በሽበቴ ይጫወታል እንዴ?

የዝና፦ እርስዎ እሺ ካሰኙኝ እኔ ዝም እላለሁ፣ እሱ አልነበርኩም እንዳለ ይቀራል። ይቅርታ የጠየቀበትን ነገር የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በጉ ተበልቶ ያልቃል። እኔ ገድ የሌላት እንደሆንኩ እኖራለሁ።

ይርዳው፦ አልነገሩኝም እኮ። ካሳሁን ልጄ ተጸጽቷል ነው ያለኝ። ክዷል ያለኝ የለም። ብሰማማ ኖሮ ደጃፉንም አልረግጥም ነበር።

የዝና፦ አሁን ሰምተዋል።

ይርዳው፦ ለአንቺ ቀላል ነው። ካሳሁን የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፣ ጽዋ አብረን ነው የምንጠጣ። ጥሩዬን የዳርኩት ለማን ይመስልሻል? ለወንድሙ ልጅ። ነገ ብመሰክርበት ልጄ በዚያ ቤት ምን ዓይን ይኖራታል? እናቷስ እኔን እቤት ታስገባኛለች?

የዝና፦ ቀላል ነው አላልኩም። እኔም እፈራለሁ። መሳቄን አይተው ደህና ናት እንዳይሉ። ነገ ብቻዬን ገብቼ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልናገር ነው። ይህን ሱሪ እንኳ ፈትቼ ነው ደግሜ የሰፋሁት፣ መስመሩ ጠሞብኝ። ይኸው አልቋል፣ እንኩ። እሺ አላልኩም፣ እንዲቀመጡም አላስገድድዎትም። ፊቴን አዞርኩ፣ ይልበሱት።

ይርዳው፦ የተቀደደም አይመስል።

የዝና፦ ለበሱ?

ይርዳው፦ ለበስኩ።

የዝና፦ ታዲያ በርጩማው ምነው ተንቋቋ? ተመልሰው ተቀመጡ እንዴ?

ይርዳው፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን ንገሪኝ። ያን ዕለት ስሜን ጠርተሽ ነበር?

የዝና፦ ማን ነገረዎት?

ይርዳው፦ ጠርተሽ ነበር ወይ?

የዝና፦ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው ከእርስዎ ጋር ነው፣ ሌላ ማንን ልጥራ? «ጋሽ ይርዳው ይድረሱልኝ» ብያለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ብያለሁ። ይህን ከዐቃቤ ሕጓ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። እርስዎ እንዲሰሙት አልፈለግሁም ነበር።

ይርዳው፦ ራሱ ነው የነገረኝ። ትናንት፣ አባቱ ሳሎን ውስጥ። «አስገድጃታለሁ» አለኝ። «ስትጮህ የርስዎን ስም ነበር የምትጠራው፣ እርስዎ ግን ቤት አልነበሩም፣ አይጸጸቱ» አለኝ። እኔን ማጽናናቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ከጆሮዬ አልወጣም። ጥሩዬን አድርሼ ስመለስ በርሽ ተገንጥሎ አይቻለሁ። ሌባ ነው አሉኝ። ሌባ ነው ሲሉኝ ማመኑ ቀለለኝ።

የዝና፦ ጋሽ ይርዳው፣ ማንን እንደጠራሁ የምናውቀው እኔና እሱ ነን። ከተማው ውስጥ ያልነበረ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ይርዳው፦ ሱሪውን ከለበስኩ ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ቀጠሮው በስንት ሰዓት ነው?

የዝና፦ ጠዋት በሦስት ሰዓት።

ይርዳው፦ በሁለት ተኩል እዚህ በር ላይ ነኝ። አሁን ግን መጀመሪያ ካሳሁን ቤት እሄዳለሁ። ከጀርባው ሄጄ አልመሰክርበትም፣ ከአፌ ይስማው።

የዝና፦ እነሱ እሺ አለች ወይ ብለው ነው የሚጠብቁዎት። ምን ሊሏቸው ነው?

ይርዳው፦ ለካሳሁን እንቢ ብላለች፣ ደግ አደረገች እለዋለሁ። ጌጡን ደግሞ ብቻውን ጠርቼ፣ «ትናንት ለእኔ ያልኸውን ነገ ለዳኛው እናገረዋለሁ፤ እውነት ከጸጸተህ ቀድመኸኝ ተናገረው» እለዋለሁ።